በካርታው ላይ አንድ ጣት

ደሴት ማለት በሁሉም አቅጣጫ በውሃ የተከበበ የብስ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር አስራ አራት ዓመት ሙሉ ጅግጅጋ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌያታለሁ። ጽፌ፣ ከስሯ አስምሬ፣ ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ፣ ትናንት ከመርከብ የወረደ ሰው መስዬ ወደ ተማሪዎቼ እዞራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ጅግጅጋ የተመደበ ሰው ባሕር የት ያያል? አንዴ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ውሃው ዙሪያዋን ከከበባት ለምን አይውጣትም?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሱን ስምንተኛ ክፍል ትማሪዋለሽ» አልኳት። የስምንተኛ ክፍሉም አስተማሪ እኔ ነኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ ቀን ሙሽራ ታቅፎ ሕንድ ውቅያኖስ መሃል የተገኘው። ስሜን ለማጥፋት ከመቸኮላችሁ በፊት ግን ልናገር፤ ሙሽራዋ ሰው አልነበረችም።

የምኖረው ኤዶ ኸድራ ግቢ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኔም ከጊዜ ብዛት የወንድማቸው ልጅ ሆኜ ቀርቻለሁ። የተከራየሁት ክፍል የአንድያ ልጃቸው የሆዳን ነበር። ሲያከራዩኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት ከቦታው እንዳላንቀሳቅስ፤ ሆዳን ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የሚሠሯት እሱ ፊት ቁጭ አድርገው ነበር። ሁለተኛው፣ ልጅቷ የመጣች ዕለት ክፍሉን እንድለቅ። ይህን ሁለተኛውን ወር በገባ ቁጥር ያስታውሱኝ ነበር። «መዓሊን» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ «ሆዳን ከመጣች አንተ ቤት ትፈልጋለህ።» እኔም «እሺ ኤዶ» እላለሁ።

ሆዳን ነርስ ናት። ውጭ አገር ተምራ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ክሊኒክ ተቀጠረች። ደሴቷ የራሷ መንግሥት እንኳ የላትም፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ አገር ነው የሚያስተዳድራት። እዚያ ኢድሪስ ከሚባል ዓሣ አጥማጅ ጋር ተዋደደች፣ አጎቷ ከድሬዳዋ በስልክ ወሊ፣ ማለትም ዳሪዋ፣ ሆነውላት ኒካው ታሰረ፣ ለእናቷ የተነገራቸው ከሁሉም በኋላ ነበር። ኤዶ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። «የልጄን ሰርግ እንደ አየር ጠባይ ዜና ሰማሁት» ብቻ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሆዳን ከመጣች» ማለቱን ተዉት። ማንም ተከራይ የሚደሰትበት ዝምታ ነበር። እኔ ግን ወር በገባ ቁጥር ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም። ሆዳን ትደውላለች፤ ኤዶ ስልኩን ያነሱና ቃል ሳይተነፍሱ በመስኮት ያቀብሉኛል። እኔ «ደህና ናቸው፣ ስኳራቸውም ደህና ነው፣ ፍየሏ ሁለት ወልዳለች» እላለሁ። ኤዶ መስኮቱ ሥር ቆመው ልብስ ያጥፋሉ። አንዲት ሻሽ ለማጠፍ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ናይሮቢ ለአምስት ቀን ስልጠና የተጠራሁ ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ሆዳን እናቷን ኑልኝ ብላ ለምና «እግሬን ያመኛል በላት» ተብላ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ከንፈሬን ብነክስ በተሻለኝ፣ ካርታ ዘርግቼ ለኤዶ ናይሮቢን አሳየኋቸው። «ሆዳንስ የት ናት?» አሉ፣ ምንም እንደማይመስላቸው ሆነው። ጣቴን አጋድሜ ለካሁና «ከዚህ አንድ ጣት ናት» አልኳቸው።

ኤዶ ጣቴን አዩት። ከዚያ ካርታውን አዩት። «አምስት ቀንህን ስትጨርስ» አሉኝ፣ «አንድ ጣት ጨምርና አማና ታደርስልኛለህ።»

ጅግጅጋ የኖረ ሰው አማና ምን እንደሆነ ያውቃል። መንገድ መሄድህ ከተሰማ ዕቃ ይሰጥሃል፤ ከተሰጠህ ታደርሳለህ፤ ክርክር የለም። ደብዳቤ ወይም ሽቶ መስሎኝ ነበር። ኤዶ ግን በማግስቱ ሥጋ ከደገሀቡር፣ ቅቤ ከጉናጋዶ ማስመጣት ጀመሩ። ደምበል ያሉ ዘመዳቸው ደግሞ አንድ ዕቃ ላኩ፤ ከተክል ጭረት የተሠፋ፣ ቆዳ የለበሰ፣ ዙሪያውን ዛጎል የተደረደረበት። ያኔ ገባኝ። ኤዶ ሔዾ ሊያስሩ ነው።

ሔዾ የሙሽራ እናት ከሰርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ለልጇ የምትልከው ስጦታ ነው። ውስጡ የተጠበሰ ቋንጣ በቅቤ ተነክሮ፣ ላዩ በተምር ይደፈናል። ከዚያ ዕቃው ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ ሻሽ ያስራል፣ ልክ እንደ ሙሽራ ይሸለማል፤ ከራሱ እስከ እግሩም በገመድ ይጠፈራል። የገመዱን ጫፍ የት እንደደበቀችው የምታውቅ ያሰረችው እናት ብቻ ናት። የወንዱ ወገኖች ተሰብስበው ይፈቱታል፤ የሴቷ ወገኖች ዱላ ይዘው ይጠብቁታል፣ መፍታት ባቃተውም ላይ ያላግጣሉ። በስለት መንካት ግን ነውር ነው፤ ሙሽራዋን ራሷን እንደመንካት ይቆጠራል።

ሰባተኛው ቀን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህን ለኤዶ ለማስታወስ የሚደፍር ሰው አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ክፍሌ ደጃፍ ቁጭ ብለው አሰሩ። ሲጨርሱ የሁለት ዓመት ሕፃን የምታክል ሙሽራ እቅፌ ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ። «መዓሊን፣ ይሄ እሺታዬ ነው። ሌላ እሺታ የለኝም። ገመዱ ከተቆረጠ እንዳትሰጣት። ባሕር ውስጥ ጣለውና ተመለስ፤ እኔም ከእንግዲህ ስልኩን አላነሳም።»

በመንገድ ያየሁትን ሁሉ ብዘረዝር መሽቶ ይነጋል። ጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ ሔዾውን ስታይ «ማሻአላህ» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ቦርሳዬን በረበረች፣ ሙሽራዋን ግን አልነካችም። አዲስ አበባ ላይ ልጁ በማሽን አሳልፎ «ውስጡ ቋንጣ ነው?» አለኝ። «ነው» ስለው ምራቁን ዋጠና አሳለፈኝ። ናይሮቢ ስንወርድ አስተናጋጇ ከኋላ መጥታ በሹክሹክታ «ሕፃኗ እንዴት ጨዋ ናት፣ አንዴ እንኳ አላለቀሰችም» አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት፤ ምን ልበል?

ስልጠናው ካለቀ በኋላ አንድ ጣት ያልኩት መንገድ በሁለት አውሮፕላን ነው የተሄደው። ሁለተኛው አውሮፕላን በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ሰውንም ዕቃንም አብረው መዘኑ፤ እኔና ሙሽራዋ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ቆምን። ከዚያ በመስኮት ባሕሩን አየሁት። ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የምቀባው ነገር እንደዚህ ማለቂያ የሌለው መሆኑን ማንም አልነገረኝም። አስተማሪው እኔ ነኛ።

ስንወርድ የሚሞላ ቅጽ ተሰጠን። እኔ ቅጽ ላይ አልዋሽም። ሥጋ ይዘዋል? አዎ። የወተት ተዋጽኦ? አዎ። ፍራፍሬ? ተምሩ ትዝ አለኝ፤ አዎ። ቆዳ? አዎ። ከተክል የተሠራ ዕቃ? አዎ። ዛጎል? አዎ። የመጨረሻው «በእርሻ ቦታ ነበሩ?» የሚል ነበር። ፍየሏን አሰብኩና እሱንም አዎ አልኩ። የኳራንቲን ኃላፊዋ ሩት የምትባል ሰፊ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቅጼን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለችኝ፣ «ሁሉንም አዎ ያለ ሰው ግን ዛሬ ነው ያየሁት።» ከዚያ መሳቢያዋን ሳበችና መቀስ አወጣች።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ራሴን ሔዾው ላይ ተደፍቼ አገኘሁት። እንግሊዝኛዬ በደህና ጊዜም ያን ያህል አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ የቀረችኝ «እናት»፣ «ልጅ» እና «አይቻልም» ብቻ ነበረች። ሩት አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ «ልጅቷ ስሟ ማነው?» አለች።

«ሆዳን።»

«ነርሷ ሆዳን?» ፊቷ ተለወጠ። «የልጅ ልጄን ያዋለደችው እሷ ናት።» ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ አኖረችው። «ሕግ ሕግ ነው። ሥጋው ደሴቷ ላይ አይገባም፣ ዕቃውም መፈተሽ አለበት። ቢሮው እስኪዘጋ እጠብቃችኋለሁ። ያኔ ካልተፈታ እቆርጠዋለሁ።» ቢሮው የሚዘጋው በእኛ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቴ ስምንት ይላል።

ሆዳን የክሊኒክ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። ለሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ የማውቃትን ልጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔን ሰላም ልትል እጇን ዘርግታ ሔዾውን አየችው። የለበሰው ሻሽ የእናቷ ነው። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ሆዮ አሰረችው?» አለችኝ። ሆዮ እናቴ ማለት ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ» አልኳት። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ሩትም ከጠረጴዛዋ ጀርባ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ቀጥሎ ኢድሪስ ከወንድሞቹና ከአጎቶቹ ጋር መጣ፤ ስምንት ናቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን መረብ ሲያስሩና መረብ ሲፈቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቅርጫት ያቅተናል ብለው አላሰቡም። ሆዳን ዓይኗን ጠርጋ «እንዲህማ አይሆንም» አለች። «የሴቷ ወገን ዱላ ይዞ መጠበቅ አለበት። የሴቷ ወገን ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።»

ሩት የመወልወያ እንጨት አበደረችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ የሶማሌ ሙሽራ ወገን ሆኜ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ፣ መወልወያ ታጥቄ ስምንት ዓሣ አጥማጅ ስጠብቅ። ማላገጥም የእኔ ፋንታ ነው። ግጥም አልመጣልኝም። በአፌ የመጣችው ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ደሴት ማለት በሁሉም አቅጣጫ በውሃ የተከበበ የብስ ነው» አልኳቸው በአማርኛ፣ እንጨቱን መሬት ላይ እየመታሁ። በጣም ከባድ ስድብ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መጀመሪያ ትንሹ ወንድም ተስፋ ቆርጦ ተነሳ፣ ቀጥሎ መሃለኞቹ። አስር ሰዓት ላይ ትልቁ አጎት ላቡን እየጠረጉ ቁጭ አሉ። አንዱን ቋጠሮ ሲያላሉ ሌላው ይጠብቃል፤ ጫፍ የሚባል ነገር የለውም። ኢድሪስ ብቻ ቀረ። ጣቶቹ ደም ቋጥረዋል፣ አሁንም ተንበርክኮ በጥንቃቄ ይዳስሳል፣ አይጎትትም። ያን ጊዜ ወደድኩት። ማላገጤንም ተውኩ።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሩት መቀሱን አነሳች። ደስ እንዳላላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ግን አነሳችው። የቀረኝ ነገር ስልክ ብቻ ነበር። ደወልኩ። ኤዶ አነሱ።

«ማነው የሚፈታው?» አሉ፣ ሰላምታም አልቀደመ።

«ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ ኤዶ። ስምንት ናቸው።»

«ስምንት ወንድ።» ደስታቸውን ሊደብቁት አልቻሉም። «ይልፉ።»

«ጊዜ የለም። አሁን በመቀስ ሊቆረጥ ነው።»

በስልኩ የጅግጅጋ ነፋስ የግቢያችንን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይሰማኛል። «ጫፉ የት እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እኔ ላሳያቸው» አልኳቸው።

«ለአንተ ብነግርህ አታገኘውም።» ከዚያ ድምፃቸው ቀንሶ፣ «ልጅቷ እዚያ ናት?» አሉ።

«አጠገቤ ናት።»

«ስጣት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ በመስኮት ስቀበል የኖርኩ ሰው ያን ቀን አቀበልኩ። ሶማሌ እናት ልጇንም ሆዮ ብላ ነው የምትጠራው። ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ «ሆዮ» አለ አንዱ ድምፅ፣ «ሆዮ» አለ ሌላው፣ ለረጅም ጊዜ ሌላ ቃል አልነበረም። የትኛው የእናት የትኛው የልጅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሩት ሰዓቷን ማየት ትታለች።

ከዚያ ኤዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ መስታወቱ ፊት ፀጉርሽን ስሠራሽ፣ መጨረሻውን የት ነበር የምደብቀው?»

የሆዳን እጅ ተነስቶ በሻሿ ሥር ወደ ማጅራቷ ሄደ፣ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ሙሽራ ሔዾዋን አትፈታም። ስለዚህ የባሏን ጣት ያዘች፣ በሔዾው ሻሽ ሥር ከግራ በኩል ወደ ኋላ አስገባችው፣ ለቀቀችው። ኢድሪስ ሳብ አደረገ። ያ ሁሉ ገመድ ተንሸራቶ እግራችን ሥር ወደቀ።

ሩት መቀሱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ክዳኑ ሲከፈት የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ የኤዶ ግቢ ሽታ ነው። «አሁን ሥጋው መቃጠል አለበት» አለች ሩት። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «ሕጉ የሚለው ደሴቷ ላይ አይገባም ነው። ይህ ክፍል በሕጉ መሠረት ገና ደሴቷ አይደለም። ከዚህ በር ሳይወጣ የሚያልቅ ነገር አይመለከተኝም።» አስራ አራት ዓመት ካስተማርኩት የደሴት ትርጉም ላይ አንድ ክፍል ሲቀነስ ቆሜ አየሁ፣ ቅር አላለኝም። ቆመን በላን፤ ስምንቱም፣ ሆዳንም፣ እኔም። አንድ ፍሬ አልተረፈም። ሩት «ለምርመራ» ብላ ሦስት ጊዜ ቀመሰች።

አራት ቀን ቆየሁ። ባሕሩን ቀምሼው በእርግጥም ጨው መሆኑን አረጋገጥኩ። ከኢድሪስ ጋር ጀልባ ላይ ወጥቼ እሱ ዓሣ ሲያወጣ እኔ የበላሁትን አወጣሁ። ማታ ማታ ፀሐይ ስትገባ ዳር ላይ ተቀምጬ የተማሪዬን ጥያቄ አሰብኩበት። ውሃው በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ደርሶ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ ቢያንስ ግን አላውቅም ብዬ እነግራታለሁ።

ስመለስ ሩት በሣጥን ቆልፋ ያስቀመጠችውን የሔዾውን ባዶ ዕቃ አስረከበችኝ። ሆዳን እዚያው ቢሮ ውስጥ የሆነ ነገር ከታበት በኢድሪስ የመረብ ገመድ ጠፍራ አሰረችው፣ የራሷንም ሻሽ አለበሰችው። ምን እንደከተተችበት አልነገረችኝም። ስወዘውዘው ዛጎል ዛጎል ይላል።

ኤዶ በሩ ላይ ነበሩ። ዕቃውን ተቀብለው እልፍኝ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። አንድ ቀን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጡት ይሰማኛል። በማግስቱ ደጅ አወጡትና በብርሃን ሞከሩት። በግራ ጆሮ በኩል ሞከሩ፣ በቀኝ ሞከሩ፣ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን አዘንኩላቸውና «ኤዶ፣ መቀስ ላምጣ?» አልኳቸው። ሩት መቀሱን ስታወጣ እኔ ባየኋት አስተያየት አዩኝ።

ከዚያ ስልካቸውን አነሱ። ራሳቸው ቁጥሩን ነኩ፣ ራሳቸው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። መስኮቱ ሥር ቆሜ አንዲት ሸሚዝ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ሆዮ» አሉ። «ጫፉ የት ነው?»

የሆዳን ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። «በስልክ አይነገርም። በረመዳን እረፍቴ ነው፣ መጥቼ እኔ እፈታልሻለሁ።»

ኤዶ ስልኩን ዘጉ። ሔዾውን አቅፈው ተነሱ፣ ወደ ክፍሌ ገቡ፣ መስታወቱ ሥር አስቀመጡት። የሻሹን ጫፍ አስተካከሉለት። ሲወጡ እኔ አንዷን ሸሚዝ ገና አላጠፍኩም ነበር።

«መዓሊን» አሉኝ፣ «ቤት መፈለግ ጀምር።»

«እሺ ኤዶ» አልኳቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ከቤት ተባርሬ አላውቅም።